አንገት ብቻ የሆነው እንጉዳይ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መስኮቱን ነው። ሌላ ሴት ስኒውን ታያለች፤ መጋረጃው የእጅ ሥራ ነው የሱቅ ነው ብላ ትመረምራለች። እኔ መስኮት አያለሁ። አለ ወይስ የለም? ካለስ ይከፈታል ወይስ በምስማር ተመቷል? መስኮት የሌለው ቤት ከገባሁ የቀረበልኝ አይዋጥልኝም። ባለቤቲቱ «ምነው አልበላሽም?» ትለኛለች። ጠግቤ ነው እላለሁ። መስኮትሽ አስጨነቀኝ ይባላል እንዴ?

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ይችን ጠባይ ያመጣብኝ እንጉዳይ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። አያ ካሴም ስቀውብኛል። አያ ካሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ አጥር ለአጥር ነን። ሌላ ሰው አጥሩን የሚያጥረው ከብት እንዳይገባበት ነው፤ እሳቸው ያጠሩት ተደግፈው ሰው እንዲያዩበት ይመስለኛል።

የምንኖረው ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነው። የኛን አገር ብርድ የማያውቅ ሰው የምነግራችሁን ነገር በደንብ አይረዳውም። ጠዋት ስትወጡ ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተበተነ ይመስላል። ገብስና ስንዴ እናርሳለን። እናርሳለን ስል ብዙ መሬት እንዳይመስላችሁ፤ ከጓሮዬ ይጀምርና አያ ካሴ አጥር ላይ ያልቃል። ስለዚህ ባሌ ደሴ በየዓመቱ ሰሊጥ ለማረም መተማ ይወርዳል። ስልክ ሲሠራ ይደውላል። መንገድ ተዘጋ ሲባል፣ ኔትወርክም ሲጠፋ፣ አይደውልም። ያን ጊዜ እኔ እህል አይወርድልኝም። መስጋት ሥራዬ ነው። ሰው ያርሳል፣ ሰው ይነግዳል፤ እኔ እሰጋለሁ።

ግን ደግሞ ዝም ብዬ አልሰጋም። መጀመሪያ የወለድኩት ወንድ ልጅ ነበር። ክርስትና ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ፣ ቀኑ ሸጋ ነው ብዬ ይዤው ደጅ ተቀመጥኩ። ማታውን ሰውነቱ እንደ ፍም ሆነ። አልቆየልኝም። ሰው ሁሉ ምች ነው አለ፤ ነፋስ ነው ያለም አለ። የባሌ እናት እቴቴ እናና አንድም ቀን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው አላሉኝም። ብቻ ሁለተኛዋን ስወልድ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይችን እንኳ ነፋስ አታሳያት» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። ግን «ይችን እንኳ» ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስሟን ብርቄ አልናት። ብርቄን ነፋስ አላሳየኋትም። ጓዳውን ሰጠኋት። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃና በእበት መረግሁ። ለጭስ መውጫ የተተወች አንዲት መስኮት ብጤ ነበረች፤ ጆንያ ጠቀጠቅሁባት። ከራስጌዋ ማጭድ ሻጥኩ፤ ይህን የማታደርግ እናት እኛ ዘንድ የለችም። ለክትባት ደጅ መውጣት ግድ ሲሆን በነጠላ፣ በነጠላው ላይ በጋቢ፣ በጋቢው ላይ በራሴ ኩታ ጠቀለልኳት። አያ ካሴ ከአጥራቸው ላይ ሆነው፣ «ምነው ልጄ፣ ወደ ወፍጮ ነሽ?» አሉኝ። ልጅ መያዜን አላወቁም። ወይም አውቀው ነው።

የምትከትበዋ ልጅ ጥቅልሉን ፈትታ ብርቄን እስክታገኛት ደከማት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፣ እግሯንም ገልጠሽ፣ አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እሺ ብዬ መልሼ ጠቅልዬ መጣሁ። አንዴ ፀሐይ ያቃጠላት እናት ናት እኮ ፀሐይ አሙቂ የተባለችው።

ብርቄ አደገች። አደገች ስላችሁ አፏ ነው ያደገው። እኩዮቿ ዳዴ ሲሉ ብርቄ ቁጭ ብላ ታወራለች። እኩዮቿ ዶሮ ሲያባርሩ ብርቄ ቁጭ ብላ ታወራለች። ብብቷን ይዤ ሳቆማት እግሯ ይተጣጠፍና ታለቅሳለች። ከጓዳ ሆና «እማ፣ ዶሮዋ መጣች?» ትለኛለች። መጣች እላታለሁ። «ቀይዋ ናት?» ትለኛለች። ዶሮዎቹን በድምፃቸው ነበር የምትለያቸው። እኔ ደግሞ ብልህነቷን ለሰው አወራለሁ! ልጄ ዶሮን በድምፅ ትለያለች እያልኩ።

እቴቴ እናና መጥተው ዳሰሷትና አጥንቷ ሰልሏል፣ ሥጋ ያስፈልጋታል አሉ። ሥጋ ከየት ይመጣል? እኛ ቤት ሥጋ የሚገባው በፋሲካ ነው፤ እሱም ደሴ በሰላም ከመጣ።

እንጉዳዩ የመጣው እንግዲህ ይኼኔ ነው።

ሙሉ የምትባል የግብርና ባለሙያ አለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ሴቶችን ሰብስባ መሬት የማይፈልግ እርሻ ላሳያችሁ አለችን። ሁላችንም ተንጠራራን። እንጉዳይ ነው ስትል ሁላችንም ወደ ቦታችን ተመለስን። በኛ አገር አፍ እንጉዳይ የጅብ ጥላ ነው። ክረምት ሲገባ በየበሰበሰው ግንድ ሥር ይቆማል፤ ላም እንኳ ዞራው ታልፋለች። አንዷ «መንግሥት ማዳበሪያ ሲያጥረው የጅብ ጥላ ሊያበላን ነው» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችው። ሙሉ አልተቆጣችም። የሜዳውን እንዳትነኩ፣ እሱ ይገድላል፣ ይኼ ግን ተመርጦ በማሽላ ላይ የተራባ ዘር ነው፣ በገለባ ብቻ ያድጋል፣ መድኃኒትም ምንም አይረጭበትም አለች። ቀጥላ የጾም ምግብ ነው፣ ለሰውነት ግን እንደ ሥጋ ነው አለች።

ያን ጊዜ እጄን አወጣሁ። ሌላ ያወጣ ሰው አልነበረም። እኔ የሰማሁት «እንደ ሥጋ» የሚለውን ብቻ ነው። ለብርቄ እግር ነው እንጉዳይ የዘራሁት፤ ይህን ያዙልኝ።

አሠራሩን ጀመረች። የስንዴ ገለባ ትከትፋላችሁ። ታርሳላችሁ። በበርሜል በእንፋሎት ትቀቅላላችሁ፣ ክፉው ሻጋታ እንዲሞት። ሲበርድ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አንድ ረድፍ ገለባ አንድ ረድፍ ዘር እያደረጋችሁ ፌስታል ውስጥ ትጠቀጥቃላችሁ፣ ታስራላችሁ፣ ፌስታሉን በወስፌ ትበሳላችሁ። ከዚያ ጨለማ ቤት ታስቀምጣላችሁ። ይሙቀው። ይርጠብ። ሰው አይግባበት፣ አይነካካ።

ይኼን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ይኼማ አራስ ነው! ጨለማ፣ ሙቀት፣ ሰው አይግባ። ይኼንን ማን ያስተምረኛል? ደግሞ ብርቄን ለእቴቴ ትቻት ነው የመጣሁት፤ አለቀሰች ይሆን፣ በሩን ከፈቱት ይሆን እያልኩ መቀመጫዬ ይቆረቁረኛል። ሙሉ «ይኼ የመጀመሪያው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ...» ስትል እኔ ዘሬን አንጠልጥዬ በሩ ላይ ደርሻለሁ።

ሁለተኛውን አልሰማሁም።

ፌስታሎቹን ሠርቼ ጓዳ ምሰሶው ላይ ሰቀልኳቸው፤ ከብርቄ መደብ በላይ። ከዚያ የሚሻል ቦታ የት አለኝ? ነፋስ የማያውቀው፣ የተመረገው፣ የታመነው ጓዳ። ማጭዷም ለሁለቱም ትበቃለች አልኩ። ብርቄ ጓደኛ አገኘች። ገለባው ውስጥ ነጭ ድር ሲሮጥ እኔ ተበላሸ ብዬ ደረቴን መታሁ፤ ሙሉ በስልክ ሸጋ ነው፣ ያ ሥሩ ነው አለችኝ። ብርቄ «እማ፣ ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ» አለችኝ።

ከቀዳዳዎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ደስታዬን አትጠይቁኝ። በየቀኑ ይረዝማል። አንገቱ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ይነጣል። ራሱ ግን የምስማር ራስ ታህላለች። እኔ እንጉዳይ አብቅዬ አላውቅም፣ መርዘሙን እንጂ ሌላውን በምን ልወቅ? አንድ እፍኝ ቆርጬ በኩራት ለአያ ካሴ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ጥላው የታል? ይኼ ዘንጉ ብቻ ነው። ጅቡ በዚህ ዝናብ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ።

ጠብሼ አቀረብኩላቸው። እኛ ዘንድ ጠላ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። አያ ካሴ ሳህኑን ወደኔ ገፉት። «ቅመሺ እንጂ፣ ደንቡን ረሳሽው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ደንብ ይቅርና ስሜንም ረስቼ ነበር፤ ብሞት ብርቄን ማን ያነሣታል የሚለው ነው በራሴ የሚዞረው። በስመ አብ ብዬ ጎረስኩ። ልክ ገመድ ማኘክ ነው። እሳቸው አልበሉም። አጥራቸውን ተደግፈው እኔን ማየት ጀመሩ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ «አለሽ?» ይሉኛል። እበት ጠፍጥፌ ስነሣ «እስካሁን አለሽ?» ይሉኛል። ከብት ሲገባ ተነሡና፣ «እንግዲህ መርዝ አይደለም፣ ገለባ ነው። ገለባ ደግሞ በሬዎቼ አላቸው» ብለው ገቡ።

ለብርቄ አልሰጠኋትም። አያችሁ ሞኝነቴን? ለእሷ ብዬ ዘርቼ፣ ለእሷ መስጠት ፈራሁ።

ሙሉ ልታይልኝ መጣች። ጓዳ ገብታ ምንም አልታይ ስላላት የስልኳን መብራት አበራች። ፌስታሎቹን አየች። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ወዲያው ተወችው። ምን አደረግሻቸው አለችኝ። ምን አደረግኋቸው? እንደ ልጄ ነው የያዝኳቸው አልኳት። እውነቴን ነበር።

ግድግዳውን ዳሰሰች። ምርጉን ዳሰሰች። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ጆንያውን ከመስኮቷ መዝዛ ጣለችው።

ብርሃኑ እንደ ዱላ ነው የገባው። ሙሉ ወደ እንጉዳዩ እያየች ታስረዳኛለች። አየር ነው ያጣው አለችኝ። ድሩ እስኪሞላ ጨለማ ሸጋ ነው፤ ብቅ ካለ በኋላ ግን ብርሃንና ንጹሕ አየር ካላገኘ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ይታፈናል። መውጫ ሲፈልግ አንገቱ ብቻ ይረዝማል፤ ራስ አያወጣም፣ ይነጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ማደጉ አይደለም፣ መጨነቁ ነው አለችኝ። እኔ እሺ እሺ እላለሁ። ከሥር መደቡ ላይ ያለችው ልጅ ግን በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፍና ጮኸች።

«እማ አጥፊው! አጥፊው!»

ፀሐይን ነው አጥፊው የምትለኝ። እንደ ኩራዝ።

ሙሉ ዞረች። ብርቄን አየቻት። እጇን፣ ግንባሯን፣ የተጠቀለለ እግሯን አየች። «ይችስ?» አለችኝ።

እኔ ነደድኩ። እንጉዳይሽን ተመልከችና ሂጂ፣ ልጄን ተይልኝ አልኳት። እንግዳ በቁጣ ሸኝቼ አላውቅም። እሷም ቦርሳዋን እያነሣች፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ የማውቀው የእንጉዳይ ነው፣ ለእንጉዳዩ መስኮቱን እንዳትዘጊው አለችና ወጣች።

ለእንጉዳዩ አልዘጋሁትም። ልብ በሉ፣ ለእንጉዳዩ! ብርቄን ጠቅልዬ ብርሃኑ ወደማይደርስበት ወደ ምድጃው ጥግ አዛወርኳት፤ መስኮቱን ለፌስታሎቹ ተውኩት። ከመስኮቱ ፊት ያሉት ውለው አድረው ራስ አወጡ። ራሳቸው ሰፋ፣ እንደ ጆሮ ተዘረጋ፣ ግራጫ ሆነ፣ አንገታቸው አጠረና ጠነከረ። ከምሰሶው ጀርባ ጨለማው ውስጥ የቀሩት እንዳሉ ክር ናቸው። ዘሩ አንድ። ገለባው አንድ። ያጠጣኋቸው እጅ አንድ። ቆሜ አየሁ። ይኼኛውን አየሁ፣ ያኛውን አየሁ። ከዚያ ወደ ምድጃው ጥግ ማየት ፈራሁ።

ብርቄን ወደ በሩ ደፍ አውጥቼ ፈታኋት። እግሯን በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ቀን ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በጭላንጭል፣ በዳሰሳ ነበር የማውቀው። ከጉልበቷ በታች ወደ ውጭ እንደ ቀስት ጎብጧል። ቀይዋ ዶሮ መጣች። ብርቄ ዓይኗን አጨናብሳ አየቻትና፣ «ትልቅ ናት እኮ» አለች። በድምፅዋ ትንሽ መስላት ኖሯል።

አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እነሱ ጎንደር ላኩን። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን ገባን። ሐኪሙ ወንድ ነው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር። አጥንቷ የለሰለሰው ፀሐይ አጥቶ ነው አለ። ጠብታ ጻፈላት፣ እንቁላልና ወተት ስጪያት አለኝ። ይቃናል? አልኩት። ሲያድጉ የሚቃናላቸው አሉ፣ የማይቃናላቸውም አሉ፣ ዘግይታችኋል፣ እናያለን አለኝ። ፀሐዩን ምን ያህል፣ ከየት አልኩት፤ ግራ ገብቶኝ እንጂ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? በጣቱ መስኮቱን አሳየኝ።

ከዚያ ወጥቼ፣ ብርቄን አዝዬ፣ የያዝኩትን እንጉዳይ ፒያሳ ላለ አንድ ሆቴል አቀረብኩ። ወጥ ቤቷ ሴትዮ አሽትታ ሸጋ ነው አለች። ግን ይኼን የሚበላው የፋሲልን ግንብ ሊያይ የሚመጣው ፈረንጅ ነበር፣ እሱ ከጠፋ ቆየ አለችኝ። አዳራሹን በበሩ አየሁት፤ ጠረጴዛው ሁሉ ለብሶ እንግዳ ይጠብቃል። መስኮቱ ትልልቅ ነው። ለማን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ሰሃን ብቻ ለራሷ ወሰደች። የቀረውን ቤት መልሼ፣ ጠብሼ፣ ለብርቄ ሰጠኋት። በላች። እኔም ቀኑን ሙሉ እንደ አያ ካሴ «አለሽ?» እያልኩ ዋልኩ። አለች።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ባለ ሰፊ ራሱን እንጉዳይ ያዩ ሴቶች ቀስ በቀስ መምጣት ጀመሩ። ያች በማዳበሪያ ያሳቀችን ሴት ቀድማ መጣች። አሠራሩን አሳየኋቸው፤ ሁለተኛውንም ጭምር። ሄደው ግድግዳቸውን ለእንጉዳይ ቀደዱ። እኔ ደስ ብሎኝ ልይ ብል፣ መስኮቱ ፊት ፌስታሉ ተሰቅሏል፤ ሕፃኑ ከጀርባ ጨለማው ውስጥ ተጠቅልሏል። የአያ ካሴ ምራት አራስ ናት። ልጅሽን ፀሐይ አሙቂው አልኳት። እሺ አለችኝ። ያችን እሺ አውቃታለሁ። የኔው እሺ ናት።

ብርቄን ላሳያት? ብርቄን ካየችማ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው እንዲህ የሆነችው ትላለች። አሁን ደጅ የምትውለው እሷ ናት!

ስለዚህ ዋሸሁ። እንጉዳዩ ሕፃን ይወዳል አልኳቸው። ጠዋት ፀሐይ የሞቀ ሕፃን ከመስኮቱ ሥር ካልተቀመጠለት ቅር ይለዋል፣ ራስ አያወጣም አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሐኪም ያለውን ያላመኑ ሴቶች ይኼን አፍታ ሳይወስዱ አመኑ። ፊቱን ብቻ ነው ወይስ እግሩንም አሉኝ። እግሩን በተለይ አልኩ። ትልቅ ልጅ ይሆናል? ትልቅ አይሆንም። ልጅ የሌላት ሴትስ፣ የጎረቤት ብትዋስ? ይሆናል፣ ራሷ እስካሞቀችው ድረስ። እቴቴ እናና ሳይቀሩ የሴት ልጃቸውን ሕፃን ታቅፈው ደጅ ወጡ። ነፋሱስ አልኳቸው፣ አፌን አላስችል ብሎኝ። «ለእንጉዳዩ አይደል? እሱ ይጠብቀዋል» አሉኝ።

ሙሉ ለጉብኝት መጣች። ጠዋት ነው። በየደጁ ሕፃን እግሩን ተራቁቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ይኼን ማን አስተማራችሁ፣ ሥልጠናው ላይ የለም እኮ አለች። ሁሉም ወደኔ ጠቆሙ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሙሉ እኔን አየች፣ ደፉ ላይ ያለችውን ብርቄን አየች። «ልክ ናት፣ ሕፃን ይወዳል» አለች። አያ ካሴ ከአጥራቸው ላይ ሆነው፣ «እኔን ሽማግሌውንስ አይወደኝም?» አሉ።

የአያ ካሴ ምራት ልጅ ትናንትና ዳዴ አለ። አጥሩን አልፎ እኛ ደጅ ድረስ መጣ፣ ቀይዋን ዶሮ አባረራት። ብርቄ መቃኑን ይዛ ቆማ፣ «በርታ! በርታ!» ትለዋለች። መቆም ትቆማለች አሁን። መቃኑን ግን አትለቅም።

እናቱ ልጇን ልትወስድ መጣችና ብርቄን አየቻት። ክፋት የላትም፣ ደግ ልጅ ናት። «ያንች እንጉዳይ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ብርቄን ግን ምነው ሳይጠቅማት ቀረ?» አለችኝ።

«ብርቄማ» አልኳት፣ «ከእንጉዳዩ በፊት ነው የተወለደችው።»